ስለ ልጅ እሺ ማለት፦ ልጆች ለሕክምና ምርምር ሲፈለጉ ቤተሰብ እንዴት ይወስናል?



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ማንኩሳን ያገኛል። ማንኩሳን አይቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ ስሟን ያውቃል፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነውና። መጽሐፉን ያነበበ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሁሉ ቦጋለንና ውድነሽን አይረሳቸውም። ልጃቸው በዛብህ በሕፃንነቱ ሕመም ቢጸናበት፥ ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ተሳሉ። ስእለቱ ከፍቅርና ከጭንቀት የመጣ እንጂ ክፋት አልነበረበትም። ሕፃኑ ግን አደገ፤ ሰብለ ወንጌልንም ባፈቀረ ጊዜ ሳይጠየቅ በስሙ የተገባው ቃል በፊቱ ቆሞ ጠበቀው።

ይህን የምናነሣው ስለ ሥነ ጽሑፍ ለመጻፍ አይደለም። ወላጅ በልጁ አካልና ሕይወት ላይ ቃል ሲሰጥ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚለው ጥያቄ ለገጠራችን አዲስ አለመሆኑን ለማመልከት ነው። ዛሬ ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ወደ ቤት ይገባሉ፤ «ልጅዎ በጥናታችን ቢሳተፍ ፈቃድዎ ነውን?» ይላሉ፤ ወረቀት ያነባሉ፤ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይጠይቃሉ። አባት ሚስቱን ያያል፤ እናት ጎረቤቷን ታያለች፤ ሁሉም በመጨረሻ ቄሱን ያያል። እንግዲህ ምን እንመልሳለን?

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ሕክምና የሚደረገው ለታመመው ሰው ጥቅም ነው፤ ሐኪሙ የሚያውቀውን ለበሽተኛው ያደርጋል። ምርምር ግን ገና ያልታወቀን ነገር ለማወቅ የሚደረግ ነው። በምርምሩ የሚሳተፈው ልጅ ሊጠቀም ይችላል፤ ላይጠቀምም ይችላል፤ ዋናው ፍሬ የሚደርሰው ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ነው። በገጠራችን ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። «ሐኪሞች መጡ» ከተባለ ሰው ሁሉ ሕክምና የመጣ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ የሚጠይቁትም ሰዎች ይህን አሳሳች ስም ለማረም አይቸኩሉም።

ከማንኩሳ በስተ ምሥራቅ፥ ከጮቄ ተራራ ባሻገር፥ በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ይገኛል። በዚያ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) የተጀመረው የትራኮማ ጥናት ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል። ትራኮማን፥ ሕዝባችን ማዝ የሚለውን የዓይን በሽታ፥ ለአንባብያን መግለጽ አያስፈልግም። የዓይን ፀጉራቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን እየፋቀ፥ በወረንጦ ሲያስነቅሉ የኖሩ አያቶች በየቤታችን አሉ። በዚያው ጊዜ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በሽታውን እንደሚያድን ይታወቅ ነበር። ያልታወቀው በየስንት ጊዜው፥ ለማንስ መሰጠት እንዳለበት ነበር፦ ለመንደሩ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ? ሁለት ጊዜ? ወይስ ለልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ?

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የካርተር ማእከል 72 ንኡስ ቀበሌዎችን በዕጣ መደቡ። አንዳንዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ፥ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻ በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን ወሰዱ። 12 ንኡስ ቀበሌዎች ግን አንድ ዓመት እንዲቆዩ ዕጣ ወጣባቸው፤ መድኃኒቱን ያገኙት ከዓመቱ በኋላ ነው። በየጊዜው በዕጣ የተመረጡ ልጆች የዓይናቸው ሽፋን ተገልብጦ በጥጥ ተጠርጎ ይመረመር ነበር። የሚያም ባይሆንም ልጅ የሚወደው ነገር አይደለም።

ዕጣ የሚለው ቃል አንዳንዶችን ያስደነግጣል። «በልጄ ዕጣ ይጣላልን?» ይላሉ። ነገር ግን ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ዳኛው ለወዳጁ እንዳያዳላ ነው። በምርምርም እንዲሁ ነው። ተመራማሪው ጠንካሮቹን መንደሮች ለመድኃኒቱ፥ ደካሞቹን ለመጠበቅ ቢመርጥ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ዕቁብ ላይ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ገንዘቡን ሳይጎድል ያገኛል፤ የዘገየበት ጊዜ ብቻ ነው። ለሕፃን ግን አንድ ዓመት ብዙ ነው።

ይህንንም ራሱ ጥናቱ አሳየ። በልጆች ላይ በየሦስት ወሩ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች በዓይን ላይ የተገኘው የበሽታው ተሕዋስ በልጆች ዘንድ ከ48.4 ከመቶ ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ባልወሰዱት ከ11 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ እንኳ ከ15.5 ወደ 8.2 ከመቶ ወረደ፤ ልጆቹ በመዳናቸው ታላላቆቻቸውም ተጠበቁ ማለት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ታተመ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል፥ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች በዓመት ከ1000 ልጆች 4.1፥ በቆዩት ቀበሌዎች ግን 8.3 መሞታቸው ተገመተ። ጥናቱ የተነሣው ስለ ዓይን ነበር፤ መድኃኒቱ ግን የልጆችን ሞት ሳይቀንስ አልቀረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዕጣው ከወጣባቸው ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር እናት በዚያ ዓመት ልጇን ብትቀብር፥ ይህንንም ቁጥር በኋላ ብትሰማ ምን ትላለች? ተመራማሪዎቹ ያውቁ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ሳያውቁ ነበር የጠየቁት፤ ቢያውቁማ ኖሮ መጠየቁ ራሱ ኃጢአት በሆነ ነበር። ነገር ግን «ማንም አላወቀም» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም የእናቲቱን ኀዘን አያቀለውም። ምርምር ማለት ይህ ነው፤ በእውነት ያልታወቀ ነገር ውስጥ መግባት። «ምንም አይደለም፥ ይፈርሙ» ብሎ የሚቸኩል ሁሉ ይህን ሸሽጓል።

ከዚያ የተገኘው ዕውቀት በጎንቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 በኒጀር፥ በማላዊና በታንዛንያ ወደ 190,000 የሚጠጉ ሕፃናት የተካተቱበት ታላቅ ጥናት ተደረገ፤ መድኃኒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በተሰጣቸው ማኅበረሰቦች የሕፃናት ሞት በ13.5 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዛሬ በኒጀር በረሃ የሚተርፍ ሕፃን ስማቸውን ለማያውቃቸው የጎጃም ልጆች ባለ ዕዳ ነው። እኛም ባለ ዕዳዎች ነን። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በመደበኛነት የሚሰጡት ክትባቶች ሁሉ አስቀድመው በሌሎች ሰዎች ልጆች ተሞክረዋል፤ የፖሊዮ ክትባት ብቻ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑ የአሜሪካ ልጆች በተሳተፉበት ሙከራ ተፈትኗል። «የእኔን ልጅ አትንኩ፥ የሌላው ልጅ ተፈትኖ የተገኘውን ግን አምጡልኝ» ማለት ለክርስቲያን አይቀልም።

ነገር ግን የጎንቻው ጥናት ሌላም ፊት ነበረው። መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ በተሰጣቸው ልጆች የአፍንጫ ምርመራ፥ የሳንባ ምች ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ኒሞኮከስ መድኃኒቱን የተላመደበት መጠን በአንድ ዓመት ከ3.6 ወደ 46.9 ከመቶ ከፍ አለ፤ ባልወሰዱት ቀበሌዎች በዓመቱ መጨረሻ 9.2 ከመቶ ነበር። ጥቅሙና ጉዳቱ በአንድ ልጅ አካል ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2010 በግልጽ ታትሟል፤ ተመራማሪዎቹ ባለመደበቃቸው ልናመሰግናቸው ይገባል።

እንግዲህ ወላጅ በምን ሥልጣን ይፈቅዳል? እ.ኤ.አ. በ1952 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፥ ሐኪሙ በበሽተኛው ላይ ያለው ሥልጣን በሽተኛው ራሱ ሊሰጠው ከሚችለው እንደማይበልጥ፥ በሽተኛውም የራሱ አካል ፍጹም ጌታ እንዳልሆነ አስተምረዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2295፥ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ከሰው ክብር ጋር የሚቃረን ከሆነ የተመራማሪው ዓላማም የተሳታፊው ፈቃድም ትክክለኛ እንደማያደርገው፥ ከዚህም ሌላ ሕይወቱን ወይም አካሉን ያለ ልክ ለአደጋ ማጋለጥ እንደማይገባ ያስተምራል። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰው ለራሱ አካል ባለ አደራ ብቻ ከሆነ፥ ለልጁ አካልማ ምንኛ ይበልጥ ባለ አደራ እንደሆነ ነው።

በዚህ ጉዳይ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት የታወቁ የሥነ ምግባር ሊቃውንት ተከራክረዋል። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆኑት ፖል ራምሴ፥ ምርምሩ ለራሱ ለሕፃኑ ሕክምና ካልሆነ ወላጅ በልጁ ስም ሊፈቅድ አይችልም አሉ፤ ፍቅርን በሌላ ሰው ስም መለገስ አይቻልምና። ኢየሱሳዊው ካህን ሪቻርድ ማኮርሚክ ደግሞ፥ ሕፃንም የሰው ልጆች ማኅበር አባል ስለሆነ፥ አደጋው እጅግ አነስተኛ ሲሆን፥ ማስተዋል ቢችል ኖሮ እሺ ሊልበት የሚገባውን ነገር ወላጅ በስሙ እሺ ሊል ይችላል ብለው መለሱ። እኛ ወደ ማኮርሚክ እናደላለን፤ የጎንቻን ልጆች ስናስብ ራምሴን ሙሉ በሙሉ መከተል ይከብደናል። ነገር ግን የራምሴ ማስጠንቀቂያ ከልባችን አይጠፋም፤ በዛብህም ሌላ ሰው በስሙ የለገሰው ስጦታ ነበርና። ደግሞም «አነስተኛ አደጋ» የሚለውን የሚለካው ማን ነው? በደንብ ለበላ ልጅ ትንሽ የሆነ የደም መቀዳት፥ በክረምት ወር እህል ላጠረበት ቤት ልጅ ያው ትንሽ ነውን?

የተመራማሪ ዝና ለዚህ መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር የተባለው ታላቅ የመድኃኒት ድርጅት 200 ልጆችን በሁለት ከፍሎ፥ ለግማሾቹ ትሮቫን የተባለውን አዲስ መድኃኒት፥ ለግማሾቹ የታወቀውን ሰጠ። 11 ልጆች ሞቱ፤ 5ቱ አዲሱን፥ 6ቱ የታወቀውን የወሰዱ ነበሩ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም፥ ሕክምና መስሎን ነበር» ብለው ከሰሱ። ድርጅቱ በቃል ፈቃድ ተቀብያለሁ፥ ጥፋትም የለብኝም አለ። ከዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 ድርጅቱ ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከቁጥሩ ይልቅ የወላጆቹን ቃል ልብ በሉ፤ የልጆቹ ሞት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ቁስሉ ያልሻረው ሳይነገራቸው በመቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካኖ የፖሊዮ ክትባት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ትዝታ ከጥርጣሬው ምክንያቶች አንዱ ነበር። በጎንቻና በሌሎችም ቦታዎች ለትራኮማ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን በነጻ የሚሰጠው ይኸው ድርጅት መሆኑንም እንጨምር። ስለዚህ ከድርጅቱ ስም ይልቅ በእጃችን ያለውን ወረቀት እንመርምር።

በአገራችን ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። የቤተሰብ ሕጋችን አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ በጋራ የልጃቸው ሞግዚትና አሳዳሪ መሆናቸውን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለ5ኛ ጊዜ የታተመው አገር አቀፍ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያም የወላጅን ፈቃድ፥ እንደ ዕድሜውም የልጁን እሺታ ይጠይቃል። ጥናት ሁሉ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት አለበት። ችግሩ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ወጥቶ ከጎጆው ደጃፍ ሲደርስ ነው።

በደጃፉ ላይ የምናየውን እንናገር። በአካባቢያችን አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚሰጠው አባት ነው፤ ልጁን ጤና ጣቢያ ይዛ የምትሄደው፥ ሌሊት ትኩሳቱን የምትጠብቀው ግን እናት ናት። ሕጉ «በጋራ» ሲል እርሷም ትጠየቅ ማለቱ ነው። የቀበሌ ሹም ከተመራማሪዎች ጋር ሲመጣ ገበሬው «እምቢ» ማለት መንግሥትን መቃወም ይመስለዋል፤ የጣት አሻራም ከዕዳና ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንዳንዱ በፍርሃት ያትማል፥ ሌላው በዚያው ፍርሃት ከቤቱ ይሸሻል። ሁለቱም አልወሰኑም። «ደማችንን ሊሸጡት ነው» የሚለው ወሬ ሲነሣም መሳቅ አይገባም፤ ደሙ የት እንደሚሄድ ያልተነገረው ሰው የራሱን መልስ ቢፈጥር አይደንቅም።

የእኛም ጥፋት አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስማቸውን የማንጠቅሳቸው አጥኚዎች ወደምናገለግልበት መንደር መጡ። ምእመኖቻችን በዚያ ጥቂቶች ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሲሆኑ፥ ማስታወቂያው በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን እንዲነገር ተጠየቀ። እኛም ከቅዳሴ በኋላ «ሕክምና መጥቶላችኋልና ልጆቻችሁን አምጡ» አልን። ወረቀቱን አላነበብንም። ሰው ሲበተን አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበችና፥

«አባ፥ መርፌው ለልጄ ነው ወይስ ለእነርሱ?» ብላ ጠየቀችን።

መልስ አልነበረንም። «እኅቴ፥ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልናት፤ አፍረንም ሄድን። አጥኚዎቹ በትሕትና ነገሩን። ደሙ ለጥናት ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት ወደ ቤተሰቡ አይመለስም። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ቃላችንን በዚያው በመቅደሱ ፊት አስተካከልን። የነፍስ አባት በምስጢረ ንስሐ የታመነበትን ከበሬታ ለሌላ ሰው ጉዳይ ማዋል እንደማይገባው፥ «አባ ብለዋል» የሚለው ቃል በገጠራችን ከማናቸውም ፊርማ እንደሚከብድ ያን ቀን ተረዳን። ካህን ሊያስረዳ፥ ሊያነብ፥ ከቤተሰቡ ጋር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሊወስንላቸው ግን አይገባውም። ለካቴኪስቶቻችንም ያው ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ይጠይቅ? የእናቲቱ ጥያቄ መጀመሪያ ይቁም፦ ይህ ለልጄ ነው ወይስ ለሌሎች? ቀጥሎ፥ እምቢ ብንል በጤና ጣቢያው የምናገኘው አገልግሎት ይቀርብናልን? ይቀርባችኋል ወይም «ይከፋናል» የሚል መልስ ከተሰጠ ንግግሩ እዚያው ይብቃ፤ ያ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነውና። ልጁ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን ነው? ደሙ የት ይሄዳል፥ እስከ መቼስ ይቀመጣል? ከመካከል መውጣት ብንፈልግስ? የተገኘውንስ መጥታችሁ ትነግሩናላችሁን? ስለ ጎንቻ ያወቅነው ታትሞ ስላነበብን ነው፤ ገበሬው ግን በእንግሊዝኛ የሚታተም መጽሔት አያነብም። ሳሙና፥ ደብተር ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ፥ ያ ነገር ባይኖር ኖሮ እሺ እንል ነበርን ብሎ ራስን መጠየቅ ይገባል። መልስም በዚያው ቀን መስጠት ግዴታ አይደለም፤ ነገ ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ልጁስ? በቤታችን ልጅ በትልልቆች ፊት እንዲናገር አናስለምደውም፤ ጨዋነት ነው እንላለን። ነገር ግን ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ለቅዱስ ቁርባን ስናዘጋጅ እንጀራው ተራ እንጀራ አለመሆኑን እንዲያስተውል እንጠብቅበታለን። ይህን ማስተዋል የሚችል ልጅ «ደምህን ሊወስዱ ነው፤ አንተን አያድንህም፤ ምናልባት ሌላ ልጅ ይጠቅማል» ቢባል ያስተውላል። እያለቀሰ የሚሸሽን ልጅ እጁን ይዞ ማስወጋት ለሕይወቱ ለሚያስፈልገው መድኃኒት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለሌሎች ጥቅም ለሚደረግ ጥናት ግን አይደለም።

ያቺ እናት ከባሏ ጋር ሁለት ሌሊት ተነጋገረች። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት የሆናትን ልጇን ጠራች። ልጅቱ መርፌው ምን ያህል እንደሚረዝም ጠየቀች፤ ከዚያም እሺ አለች። ታናሽ ወንድሟ ግን በዚያው ወር ከወባ ገና የተነሣ ነበር፤ እናቱ «እርሱ ይቅር» አለች። አጥኚዎቹም በወረቀታቸው ላይ አንድ እሺታና አንድ እምቢታ ጽፈው፥ ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።